ከሶፉ የጎደለው ወንድማችን



ክረምት ላይ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የሰመራ ሙቀት ታኅሣሥ ላይ ረገብ ይላል። እኛም ፈተና እንደጨረስን፣ አንድ ቅዳሜ ሱብሒን ሰግደን አምስት ሆነን ወጣን። ሎጊያ ላይ አምስት ሞተር ተከራየን። ለጉዞ ሲወጡ ከመካከል አንዱን አሚር ማድረግ ሱና ነውና አሚርም መረጥን። የመረጥነው ግን ፈጣኑን ነበር። የጉዞ ዱዓ አድርገን፣ አስፋልቱን ለቀን ወደ በረሃው ገባን።

በረሃ ላይ ሞተር መንዳት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አሸዋውን እንዲይዝልን የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስን። ድንጋይ ሲመጣ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበትን አላልቶ ማለፍ ነው። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ይወድቃል፤ ይህንን ሦስታችን ወድቀን ተማርነው። እየሳቅን፣ እየተሽቀዳደምን፣ ጥቁሩን ድንጋይና ሜዳውን እያየን «ሱብሓነላህ» እያልን ነዳን።

ከኋላ የሚነዳ ሰው የፊተኞቹን አቧራ ይበላል። ስለዚህ አቧራው እስኪያርፍ ራቅ ብሎ ይከተላል። የመጨረሻው ወንድማችንም እንዲሁ ራቅ ብሎ ነበር የሚከተለን። ማናችንም ዞር ብለን አላየነውም።

ዙህር ሲደርስ ከአንድ ግራር ሥር ቆምን። ሶፍ ስናስተካክል ነው አራት ብቻ መሆናችን የታወቀን። ስልክ ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። በየት እንመለስ እያልን ስንጨነቅ አንድ የአፋር አባት ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። አፋርኛ የሚችለው ጓደኛችን እጃቸውን ይዞ ዳጉ ጀመሩ። በአፋር ዘንድ መንገደኛ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ያየውንና የሰማውን በሙሉ ለሌላው ይነግራል። እሳቸውም ከደረቁ ወንዝ ማዶ አንድ ልጅ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ማየታቸውን፣ ጤነኛ መሆኑን፣ ካላቸው ወተት ማጠጣታቸውን ነገሩን። እኛ ጓደኞቹ ያላየነውን እሳቸው አይተውታል።

የዙህር ወቅት ገና ሰፊ ነበርና ሶላቱን አቆይተን ተመለስን። የፕሮሶፒስ እሾህ የኋላ ጎማውን በስቶት ነበር። ከመነዳሪ መለጠፊያው ደግሞ ያለው ከፊት በሚነዳው በአሚራችን ቦርሳ ውስጥ ነው! አፍረን ይቅርታ ስንጠይቀው «እንደምትመጡ ስላወቅሁ በጀመዓ እንስገድ ብዬ ጠበቅኋችሁ» አለን። ቢቆጣን ይቀለን ነበር።

የቀረን ውሃ ለመጠጥ እንኳ የማይበቃ ስለነበር ተየሙም አደረግን። መንገዳችንም ለቀስር የሚያደርስ ስላልነበር አራት ረከዓ ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንዳችን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከኋላ እየቀሩ ደካማውን ያበረታቱ፣ መጓጓዣ የሌለውን ከኋላቸው ያፈናጥጡ፣ ዱዓም ያደርጉ እንደነበር አስታወሰን። ጎማውን ለጥፈን ስንነሳ አሚራችን ያለማንም ትእዛዝ የመጨረሻው ሆነ። ሎጊያ እስክንገባ የሁላችንንም አቧራ በላ።

ማታ ዶርም ገብተን አቧራችንን ስናራግፍ፣ ያወራነው ግን ስለ ሞተር አልነበረም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በጀመዓ ሶላት ያላየነው አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አለ። ስለ ደዕዋ ፕሮግራም፣ ስለ ኢፍጣር ዝግጅት ስንሯሯጥ ማናችንም «የት ገባ?» አላልንም። ከዒሻ በኋላ ሄደን በሩን አንኳኳን። ታሞ ተኝቶ ነበር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ሶፍ ስናስተካክል አጠገባችን ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም እንይ። አላህ ወደኋላ ዞር ብለው ከሚያዩት ያድርገን። አሚን።