«አትፍሪ» ማለት አይበቃም

ከሁለት ሳምንት በፊት የጠዋቱ ሰልፍ ተበትኖ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ስንመለስ፣ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት በሩ አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። በእጃቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማታው ትምህርት ካመለከቱት ሰዎች መካከል እርሳቸውን ለቃለ መጠይቅ የጠራበት ደብዳቤ ነበር። እኒህ ወይዘሮ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ከትምህርት ገበታ ከተለዩም አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እኛ የመጓጓዣ ወይም የገንዘብ ችግር ገጥሟቸው የመጡ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «መቶ አለቃ፣ እርስዎ ሰው ያበረታታሉ ይባላል። እስቲ ይህን ፍርሃት የሚያስለቅቅ ነገር ይንገሩኝ። ወረቀቱ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አሉን።

ሰውን ማበረታታት የዘወትር ሥራችን ነው። ስለዚህም «አይዞዎት፣ አይፍሩ» የሚለው ቃል ከአፋችን ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ ከጉሮሯችን ሳያልፍ ቀረ። ይህንኑ ቃል ከጥቂት ዓመታት በፊት ካርቱም ትኖር ለነበረች አንዲት ሴት ተናግረነው አፍረንበታልና። ያቺ ሴት ታላቅ እኅታችን ናት። የእርሷን ታሪክ በዚህ በቤተሰብ ዓምድ የምናቀርበው፣ ቤተሰብ ከመሠረቱ በኋላ እንደገና ደብተር ለማንሣት የሚያስቡ እኅቶችና ወታደሮች በሰፈራችን ብዙ መሆናቸውን ስለምናውቅ ነው።

አባታችን ባረፉ ጊዜ እኅታችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። ከእርሷ በታች አራት ልጆች ነበርን። ለራሷ ያሰበችውን ትታ፣ ከጎንደር ተነሥታ በመተማ ወደ ገላባት ተሻገረች፤ በገዳሪፍና በዋድ መደኒ አልፋም ካርቱም ገባች። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት በሚኖሩበት በደይም ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሰው ቤት ልጅ እያሳደገች አሥራ አራት ዓመት ቆየች። የደብተራችንም የጫማችንም ዋጋ ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው። እኛ ለጦር አካዳሚ የበቃነው በእርሷ ድካም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአካዳሚውን ትምህርት በማገባደድ ላይ ሳለን፣ አንድ እሑድ ደወለችልን። ኦምዱርማን ውስጥ ከሚገኘው ከአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ነበር። ልትማር የፈለገችው የሕፃናት ትምህርትን ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ደርሷል።

የዚህን ትምህርት ቤት አመጣጥ ወታደር የሆነ አንባቢ ቢያውቀው ደስ የሚለው ይመስለናል። ባቢከር በድሪ የተባሉት ሱዳናዊ የማህዲ ጦር ወታደር ነበሩ፤ ይኸውም እኛ ደርቡሽ የምንለውና በ1881 ዓ.ም. ከነበረው ከመተማው ጦርነት የምናውቀው ሠራዊት ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1898 ከተደረገው የኦምዱርማን ጦርነት በሕይወት ከተረፉት አንዱ ናቸው። ጠመንጃቸውን ካስቀመጡ በኋላ አስተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1907 በዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ፣ በአንድ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዘጠኝ የራሳቸው ሴት ልጆችና ስምንት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪም እ.ኤ.አ. በ1966 ኦምዱርማን ላይ የሴቶች ኮሌጅ ሲያቋቁሙ የጀመሩት በ23 ተማሪዎች ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «አሕፋድ» በዐረብኛ የልጅ ልጆች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ግን እኅታችን የሰማችው በኋላ ነው። ያን ዕለት የምታውቀው፣ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው የሚጠይቋት ሰዎች እንደሚኖሩ ብቻ ነበር።

«እንግሊዝኛውን እንደምንም እሞክረዋለሁ» አለችን። «የምፈራው አንድ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሰው ልጅ ሳዝል፣ የሰው ዕቃ ሳጥብ ልበል?»

በዚያን ጊዜ በመቶው ውስጥ ንግግር አዋቂ እየተባልን እንጠራ ነበርና፣ ያንኑ የመድረክ ድምፃችንን አወጣን። ድል የደፋሮች እንደ ሆነች፣ ፍርሃት ለእኛ ቤተሰብ እንደማይገባ፣ የጀግና ልጅ በጥያቄ እንደማትበገር አከታትለን ተናገርን። በመጨረሻም ድምፃችንን ከፍ አድርገን «አትፍሪ!» አልናት። ከወዲያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ጥቂት ቆይታ፣ «እሺ ወንድሜ፣ ደኅና እደር» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ያን ሌሊት እኛም እንቅልፍ አልወሰደንም። «አትፍሪ» የተባለች ሴት በአንዱ ሸክም ላይ ሌላ ሸክም እንደ ተጨመረባት የገባን ያን ጊዜ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ በላዩ ግን ፈርቻለሁ ብላ ማፈር ተጨመረባት። እኛስ ብንሆን ምን ነበርን? ወደ አካዳሚው ለመግባት በመኮንኖች ፊት የቀረብን ዕለት ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር፣ እንዳይታይብን ሁለት እጃችንን ጭነንበት ነበር የተቀመጥነው። በመጀመሪያ የተጠየቅነው የትውልድ ቀበሌያችንን ስም ነበር፤ እርሱ እንኳ ለጊዜው ጠፍቶን ነበር። ይህን ለማንም ሰው ተናግረን አናውቅም።

በማግስቱ፣ ስልክ የሚፈቀድልን እሑድ እሑድ ብቻ ቢሆንም፣ ተረኛውን መኮንን ለምነን አሥር ደቂቃ አገኘን። ንግግር አላደረግንላትም። ስለሚንቀጠቀጠው ጉልበታችንና ስለ ጠፋን የቀበሌ ስም አጫወትናት። ሣቀች። «እንዴ፣ አንተም?» አለችን። በእውነት መነጋገር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ቃለ መጠይቁ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኛም በሥልጠና ከተማርነው ውስጥ ለእርሷ ሊሆን የሚችለውን መረጥን። ወታደር የማያውቀውን ስፍራ አስቀድሞ ይቃኛል። እኅታችንም በዕረፍት ቀኗ፣ ልክ በቀጠሮዋ ሰዓት፣ ከደይም ሚኒባስ ተሳፍራ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግራ ኦምዱርማን ሄደች። መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ቆጠረች፤ በሩን አየች፤ ዘበኛውን የትኛው ሕንፃ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ከበሩ ማዶ ከተቀመጠችው ሻይ ሻጭ ዘንድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች። «በሩ እኮ እንደማንኛውም በር ነው» ብላ ነገረችን። አራት ሌሊት እንቅልፍ የነሣት ያው በር ነበር።

ሁለተኛው ልምምድ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። በልብ የተያዘ መልስ በአፍ ካልተነገረ በቁርጡ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ማታ ቡና አፍልታ፣ ሦስት ጎረቤቶቿን አልጋ ላይ እንደ መርማሪ አስቀምጣ፣ እርሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከሦስቱ አንደበቷ የሚከብደው ሴት ሳትራራ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለቻት። እኅታችን አለቀሰች። ቡናው ሁለተኛ ተቀድቶ ጥያቄው ተደገመ፤ ይህን ጊዜ መለሰች፤ ነገር ግን ይቅርታ እንደሚለምን ሰው መልሷን አስረዘመችው። በሦስተኛው መልሱ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለቀ። ሴቶቹም እልል አሉ።

ሦስተኛው የትንፋሽ ነገር ነው። በድንጋጤ ጊዜ ልብ የሚመታው፣ አፍ የሚደርቀውና እጅ የሚቀዘቅዘው፣ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ተሠራጭቶ ሰውነትን ለመታገል ወይም ለመሸሽ ስለሚያዘጋጀው ነው። ይህ የድንቁርና ምልክት አይደለም፤ አካል ሥራውን መሥራቱ ነው። ዒላማ ተኩስ ላይ ቃታ ከመሳባችን በፊት ትንፋሻችንን ቀስ አድርገን እንደምናስወጣ ሁሉ፣ እርሷም ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ትንፋሿን ከምታስገባው ይልቅ ረዘም አድርጋ አምስት ስድስት ጊዜ እንድታስወጣ ነገርናት። ይህ የልብን ምት ያረጋጋል። ቡናም የልብ ምትን ስለሚያፋጥን፣ የዚያን ጠዋት አቦሉን ብቻ ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤቶቿ እንድትተው ተስማማን።

በዕድሜ ገፍቶ መማር የሚያሳፍር ከመሰላትም እዚያው ካርቱም የተደረገውን አስታወስናት። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ማብቂያ ላይ፣ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻና በ1933 ዓ.ም.፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በሶባ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። ከመካከላቸው ከወረራው በፊት በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ በስደት ዓመታትን ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ «ይህን ድሮ ተምረነዋል» ሳይሉ እንደገና ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ አገራቸው ገቡ። ለሠራዊታችን የኋላ ታሪክ ስማቸው የገነነ መኮንኖች ከዚያ ከሶባ ወጥተዋል።

የቃለ መጠይቁን ዕለት ከእርሷ አንደበት እንደ ሰማነው እናቀርባለን። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ይጮህ ነበር። ከልምምዱ በፊት ቢሆን ኖሮ ያልሰማችውን ትመልስ ነበር። አሁን ግን «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» አለች፤ እነርሱም ያለ ምንም ቅሬታ ደገሙላት። የተፈራው ጥያቄ የመጣው ወደ መጨረሻው ነው፤ አመጣጡም እንደ ጠበቀችው አልነበረም። በዕድሜ ጠና ያሉት ሴት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለምን አሁን?» ብለው ብቻ ጠየቋት።

እኅታችንም እንዲህ አለች፦ «አሥራ አራት ዓመት የሰው ልጆች ሳሳድግ ነበርሁ፤ የሚያለቅስ ሕፃን ምን እንደሚፈልግ በእጄ አውቃለሁ። ለምን እንደሚፈልግ ደግሞ በመጽሐፍ ላውቅ መጣሁ።»

ተቀበሏት። ክፍል ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትበልጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ዕለቱ ለእኛ ቅዳም ሥዑር ነበር፤ በደይም ያሉ ወገኖቻችን ለፋሲካ ዶሮ ሲገዙ የመድፍ ድምፅ ሰሙ። የከተማው ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ከተማሪውም ከአስተማሪውም ብዙው ተበተነ። እኅታችን ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በመጣችበት መንገድ ተመልሳ በመተማ ገባች። በአንዲት ሻንጣ ልብስና ደብተር ይዛ ነበር፤ የቅበላ ደብዳቤዋም በደብተሩ ውስጥ ነበረ። አሥራ አራት ዓመት ያጠራቀመችው የቤት ዕቃ ግን እዚያው ቀረ። ይህን የምንጽፈው ታሪኩን በደስታ ለመደምደም ብለን የሆነውን መደበቅ ስለማንወድ ነው። ትምህርቷ ተቋርጧል፤ ለብዙ ጊዜም ስለ ትምህርት ሲነሣ ወሬ ትቀይር ነበር።

ዘንድሮ ጎንደር ላይ እንደገና አመልክታለች። ባለፈው ሳምንት ደውለን፣ ለቃለ መጠይቅ መጠራቷን ነገረችን። ያ የድሮው ፍርሃት መጣ ወይ ብለን ጠየቅናት። «መጥቷል» አለች። «ወንበር ሰጥቼዋለሁ። እኔ ግን ሥራዬን እየሠራሁ ነው።»

ለአሥር አለቃው ባለቤት የነገርናቸው ይህንኑ ነው። ወረቀትና እርሳስ አውጥተን የሚፈሩትን ጥያቄ ጻፍን፤ መልሱንም ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ እንዲናገሩት አደረግን። በዋዜማው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደው በሩን አይተው ተመለሱ። ባለቤታቸው በቀጠሮው ዕለት የጥበቃ ተረኛ ነበሩ፤ ተራቸውን ከጓዳቸው ጋር ተለዋውጠው ሦስቱን ልጆች እርሳቸው ያዙ። ውጤቱ ገና አልተነገረም። ወይዘሮዪቱ ግን ሲመለሱ በሰፈሩ በር ላይ አግኝተናቸው፣ «ፈርቼ ነበር፤ ግን ተናገርሁ» ብለውናል።

ስለዚህ የትዳር ጓደኛዎ ወይም እኅትዎ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ የመጣች ዕለት፣ ወንድማችን ወታደር ሆይ፣ «አትፍሪ» ብለው አይለፏት። እርስዎም የፈሩበትን አንድ ቀን ይንገሯት። ከዚያም በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ይጠይቋት። ቡናው ሲፈላም መርማሪ ሆነው ከፊቷ ይቀመጡ።