የይፋጉ መምህር

በደብረ ታቦር ታሪክ ባስተማርንባቸው ዓመታት አንድ ነገር ያሳዝነን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ስላሠሩት መድፍ ስንጠይቅ እጁን የማያነሣ ተማሪ አልነበረም፤ በአዲስ ዘመን አቅራቢያ፣ በጥንቱ የገበያ ከተማ በይፋግ ስለ ተወለዱት ስለ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ስንጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ይዘን ገባን። በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት የታተመ ነው።

የሕዝቡን ትውልድ ከካምና ከሴም እያያዘ የሚተርከውን ክፍል ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሣና «መምህር፣ ይህን ያየ ማን ነው?» አለን። እኛም «ተቀመጥ! ሊቅ የጻፈውን ተማሪ አይመረምርም» ብለን ገሠጽነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ልጁ ትክክል ነበረና። ያን ስለ ነገድ አመጣጥ የተጻፈውን የዛሬ ሊቃውንት አብዛኛውን አይቀበሉትም፤ ይህንንም እናውቅ ነበር። የሀገራችን ሰው ስለ ሆኑ ብቻ ልንሸፍንላቸው ፈለግን፤ እርሳቸው ግን ሽፋን የሚያስፈልጋቸው ሰው አልነበሩም።

አለቃ ታዬ በ1853 ዓ.ም. ገደማ ተወልደው በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ። ትምህርት ፍለጋ ከበጌምድር ተነሥተው በምጽዋ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ምንኩሉ፣ ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄዱ። በኋላም ወደ ሀገር ተመልሰው ግዕዝንና ቅኔን ተማሩ፤ አስተማሩ፤ የግዕዝ ሰዋስውም አሳተሙ። በ1897 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን ሀገር ላኳቸው፤ በበርሊንም በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል አስተማሩ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን በዚያ የሆነው ነው። ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከእርሳቸው አፍ እየሰማ ተረትና ምሳሌን፣ የሕዝብ ንግግርን፣ የሐበሻ ልጆች ጨዋታን ሳይቀር ጽፎ አሳተመ። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ የይፋግ ሰው በበርሊን ብርድ ተቀምጠው ልጆች እንዴት እንደሚጫወቱ ለፈረንጅ ሲያስረዱ! ስለ ካም ልጆች የጻፉትን ከሌላ የተቀበሉት ነው፤ ጨዋታውን ግን ማንም ሊነግራቸው አያሻም ነበር።

ሲመለሱ ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን ታሪክ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ነገር ግን በሃይማኖት ምክንያት ከካህናቱ ጋር ስለ ተጋጩ ተከሰሱ፤ ታሰሩም። በሰፊው የደከሙበት የታሪክ ድርሰት በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም፤ በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛ በእጃችን ይዘነው የገባነው ትንሹን መጽሐፍ ነበር።

በማግስቱ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው ስለማያውቁ ጥቂቶቹ ሳቁ፤ እኛም አፈርን። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልጠን የትኛው በማስረጃ የቆመ፣ የትኛው በወሬ የመጣ እንደ ሆነ አብረን መለየት ጀመርን።

ወሩ ጥር ነበር፤ የገና ጨዋታ ካለቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በመንደሩ ገና እንዴት እንደሚጫወቱ፣ ሩሯ ከምን እንደምትሠራ፣ የተሸነፈው ወገን እንዴት እንደሚሰደብ እንዲጽፍ አዘዝን። ጽሑፋቸው ሲነበብ የፋርጣው ልጅ ከሊቦው ልጅ ጋር አልስማማ አለ። «እንዲህ አይደለም!» «እንዲህ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ የጎረቤት ክፍል መምህርም ምን ደረሰ ብለው በር ከፍተው አዩን። ያ ጠያቂ ልጅ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ማንም ሳያዘው፣ «ይህን ያየሁት እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን ጽፎበታል። ክርክሩ ደወል እስኪደወል አልበረደም፤ እኛም አላስቆምናቸው።