የመንዝ ብርድ ዋጋ

መንዝ ላይ የኅዳር ውርጭ ገብሱን መትቶ አይበቃውም፤ ሌሊት ሰው አጥንት ውስጥ ይገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ በድንጋይ ግድግዳና በጓሳ ሣር ክዳን ቤት፣ የሚያሞቀው የበግ ጠጉር ባናው፣ ምድጃውና የከብቶቹ ትንፋሽ ነው። «ኩበትና ጭራሮ እኮ በነጻ ነው» ሲባል ያንገበግበኛል። በፍጹም ነጻ አይደለም! ኩበቱ እሳት ውስጥ ሲገባ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ያው ገበሬ በዘር ወቅት ለማዳበሪያ ይበደራል። ጭራሮ ለቅማ፣ ጭሱንም የምትምገው እናት ናት፤ ጉያዋ ያለው ሕፃን አብሯት ይስላል። ስለ ገጠር የኃይል አቅርቦት ሲነሳ የምናወራው ስለ አምፖል ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምመኘው ማገዶ ቆጥቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ምድጃ ነው፤ ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለደጋ ሌሊት ታስቦ የተሠራ።