ብዕር፣ በቆሎና የሐላል እንጀራ



ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን ያለፈ መንገደኛ ባኮ ከመድረሱ በፊት እጃጂን ያገኛል። ከርዕሰ ከተማዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በቆሎ፣ ጤፍና ኑግ ያመርታል። እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው በዚህች ከተማ ነው። መተዳደሪያችን አንዲት አነስተኛ ሱቅና በኢንተርኔት የምንጽፈው ጦማር ነው።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ወጣቶች ወደ ሱቃችን እየመጡ «በጽሑፍ ብቻ ዶላር ይገኛል የሚባለው እውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ለእያንዳንዳቸው ቆመን የምንነግራቸውን ዛሬ በአንድነት ለመጻፍ አስበናል። ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን ያጠፋነውንም አንደብቅም፤ ከሁለቱ የበለጠ ያስተማረን ሁለተኛው ነውና።

«በቆሎማ ማንንም አያሳስርም»

ጦማራችንን የከፈትነው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ «ጦማር» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው አስፈሪ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. አንስቶ ብዙ ጦማሮች በአገራችን እንዳይነበቡ ተዘግተው ቆይተዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው፣ ከፊሎቹ በሐምሌ 2007፣ ሌሎቹ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. መፈታታቸውን አገር ሁሉ ሰምቷል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ድረ ገጾችና ጦማሮች ቢከፈቱም ፍርሃቱ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። በመሆኑም የአንደኛችን አባት ነገሩን ሲሰሙ «እናንተ ልጆች፣ እንጀራ ፍለጋ ነው ወይስ እስር ቤት ፍለጋ?» ብለው ተቆጡን። «አባባ፣ እኛ የምንጽፈው ስለ በቆሎ ነው» ስንላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «በቆሎማ ማንንም አያሳስርም» ብለው መረቁን።

ስለ በቆሎ ለመጻፍ የመረጥነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው ምርቱን እንደሰበሰበ፣ ዕዳም የልጅ ልብስም ስለሚያስጨንቀው፣ ዋጋው ዝቅ ባለበት ወቅት ይሸጣል። አምቦ ስንት ነው፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ስንት ነው የሚለውን ግን የሚነግረው ራሱ ገዢው ነው። የገዢ ወሬ ደግሞ ለማን እንደሚያደላ የታወቀ ነው። እኛ በየሳምንቱ ወደ ሦስቱ ከተሞች፣ ማለትም ወደ ባኮ፣ ወደ አምቦና ወደ አዲስ አበባ፣ ለምናውቃቸው ሰዎች እየደወልን የኩንታሉን ዋጋ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንጽፍ ጀመር። ከዋጋው ሥር በቆሎ ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ዘር መቼ እንደሚገዛ፣ እነዚህን የመሳሰሉ ምክሮች እናክል ነበር።

የዶላሩ ነገር

ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያስገኘው እንዴት ነው? ባጭሩ እንዲህ ነው። እንደ ጉግል አድሴንስ ያለው ድርጅት፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፣ ከአስተዋዋቂዎች ገንዘብ ይቀበልና ማስታወቂያውን በጸሐፊው ገጽ ላይ ያወጣል፤ ከገቢውም ለጸሐፊው ድርሻውን ያስባል። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ የጸሐፊውን አድራሻ ለማረጋገጥ የምሥጢር ቁጥር በደብዳቤ ይላካል። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ድርሻው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። የእኛ ደብዳቤ በአንድ ዘመዳችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር አምቦ ደረሰን። ያቺን ቁጥር ስናይ የከበርን መስሎን ነበር።

ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልነበረም። አስተዋዋቂዎች ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት ብዙ ገንዘብ በሚያወጣ አገር ለሚኖር አንባቢ ነው፤ ለእጃጂ ገበሬ የሚከፈለው ሳንቲም ነው። የመጀመሪያዋን 100 ዶላር ለመሙላት 14 ወራት ፈጀብን። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከባንክ የአገልግሎት ክፍያ በኋላ 3,000 ብር ገደማ ሆነች። ለ14 ወር ከከፈልነው የስልክና የኢንተርኔት ወጪ ጋር ስናስተያያት ኪሳራ ነበረች።

በዚህ ጊዜ አንድ ወዳጃችን «ዘመዶቻችሁ ማስታወቂያውን ደጋግመው እንዲጫኑት ለምን አታደርጉም?» ብሎ መከረን። ይህ በድርጅቱ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሲደረስበትም ሒሳብ ያዘጋል። ባይደረስበትስ? አስተዋዋቂው የሚከፍለው ዕቃውን የሚፈልግ ሰው አየልኝ ብሎ ነው። ያላየ ሰው እንዳየ አድርጎ መቁጠር ሚዛን ከማጉደል በምን ይለያል? ቁርኣን በሚዛን የሚያጭበረብሩትን ያወገዘበትን ሱራ፣ ሙጠፊፊንን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የቀራን ሆነን ይህን ልንዘነጋ አይገባንም ነበርና ምክሩን ተውነው። በሒሳባችን ላይ የውርርድ ጨዋታንና ለእምነታችን የማይስማሙ ሌሎች ማስታወቂያዎችን በየዘርፋቸው ዘጋን። ገቢያችን ይበልጥ ቢያንስም እንቅልፋችን ጨመረ።

ጥቁር ሰሌዳው

በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ለሦስት ሳምንታት ያህል ጦማራችን ድምፁ ጠፋ። በአካባቢያችን የነበረውን ኀዘንና ጭንቀት እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩ ጥቂት ረገብ ሲል አንድ አዛውንት ገበሬ ወደ ሱቃችን መጡና «ልጆቼ፣ ዛሬ የበቆሎው ዋጋ የት ነው ያለው?» አሉን። ኢንተርኔት መቋረጡን ስንነግራቸው «እኔ ኢንተርኔት አልጠየቅኋችሁም፤ ዋጋ ነው የጠየቅሁት» አሉ። በዚያው ቀን የልጃችንን ጥቁር ሰሌዳ ከሱቁ በር አጠገብ አቆምን። በስልክ እየደወልን ያገኘነውን ዋጋ በጠመኔ ጻፍንበት። በገበያ ቀን ሰው ተሰብስቦ ያነብ ጀመር። ማንበብ የማይችለው የሚያነብለትን ይጠራል።

ከዚያ ሰሌዳ የተማርነው ነገር ይህ ነው፦ ሰው የሚፈልገው ጦማር አይደለም፤ የሚጠቅመውን እውነት ነው። በአዲስ አበባ የጨረታ ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ ለተመዝጋቢዎች በክፍያ የሚያቀርበው ቱመርካቶ የተባለው ድረ ገጽም የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው፤ የተበታተነውን ሰብስቦ ለሚፈልገው ማቅረብ።

የሱቃችንም ዕድገት የጀመረው ከሰሌዳው በኋላ ነው። እህልን አየር በማይገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ማስቀመጥ እንደሚቻል ጽፈን ነበር። ከረጢቱ ሁለት የላስቲክና አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ዓይነት ንብርብር አለው። እያንዳንዱ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝ መጨመር አያስፈልግም። እህሉ ግን በሚገባ የደረቀ መሆን አለበት። ይህንንም ለመፈተን ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ በደረቀ ጠርሙስ አድርጎ መነቅነቅና ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው። ያነበቡት ሁሉ «ከረጢቱ የት ይገኛል?» እያሉ ስለ ጠየቁን እኛው አምጥተን መሸጥ ጀመርን። በአንድ የመኸር ወቅት ከከረጢት ያገኘነው ትርፍ በሁለት ዓመት ከማስታወቂያ ካገኘነው በለጠ።

5,000 ብር

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ልጃችን ታማ ለሕክምና ብዙ ወጪ አወጣን። በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ መጣና «እውነተኛ ምርጥ የበቆሎ ዘር አለኝ፤ እናንተ በራሳችሁ ቃል ጻፉልኝ፤ 5,000 ብር እከፍላለሁ» አለን። ዘሩ ባኮ ከሚገኘው የምርምር ማዕከል ከወጡት ከታወቁት ዝርያዎች አንዱ፣ ቢኤች 661፣ ነው አለ። ከረጢቱን አየነው፤ ጽሑፍ አለው፤ ዘሩም ቀለም የተቀባ ነው። ከዚያ አልፈን አልመረመርንም። «አይተነዋል፤ ጥሩ ነው» ብለን ጻፍን። ክፍያ መቀበላችንንም አልገለጽንም።

በሰኔ ወር አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ወደ ሱቃችን መጡ። ለግማሽ ሔክታር መሬታቸው የሚሆን 12 ኪሎ ተኩል ዘር ከዚያ ነጋዴ ገዝተው ዘርተዋል። ግማሹ አልበቀለም፤ የበቀለውም ቢሆን የቀጨጨ ነው። ተራ በቆሎ ቀለም ተቀብቶ ነበር የተሸጠላቸው። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «ልጆቼ፣ እኔ ነጋዴውን አላውቀውም። ያመንኩት እናንተን ነው» ብለው ተቀመጡ።

ያን ሌሊት አልተኛንም። አንደኛችን «የሸጠው እርሱ ነው፤ እኛ ዘር አልሸጥንም» አለ። ሌላኛችን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙትን፣ ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው የገሠጹትን ታሪክ አነሣ። እኛ የክምሩን ላይ ብቻ አይተን የውስጡን የመሰከርን ነበርን። ነጋዴው የገዛን ጽሑፋችንን አልነበረም፤ የእኚህን እናት እምነት ነበር። ያ እምነት ደግሞ የእኛ ንብረት አልነበረም፤ በአደራ የተቀመጠ አማና ነው። የሰው አማና በ5,000 ብር ሸጥን።

ነጋዴው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። በእኛ ቃል የገዙ 11 ሰዎችን አፈላልገን አገኘን። የተቀበልነውን 5,000 ብርና ከከረጢት የተጠራቀመውን ጨምረን የዘራቸውን ዋጋ መለስን። በቆሎ እንደገና ለመዝራት ጊዜው አልፎ ስለነበር፣ ለፈለጉት በሐምሌ የሚዘራ የጤፍ ዘር ገዛንላቸው። የአዝመራቸውን ኪሳራ ግን ልንተካ አልቻልንም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ከዚያም በጦማራችንና በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሆነውን ሁሉ፣ የተቀበልነውን ገንዘብ መጠን ሳይቀር ጻፍን።

አንዳንዶች ትተውን ሄዱ፤ መብታቸው ነው። እኚያ እናት ግን በኅዳር መጥተው ሁለት ከረጢት ገዙ። ሒሳቡን እየቆጠሩ «አሁንም የምትጽፉትን የልጅ ልጄ ያነብልኛል» አሉን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ገቢ አላገኘንም።

ለጠያቂዎቻችን

እንግዲህ ለወጣቶቹ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አዎን፣ በመጻፍ ሪዝቅ ይገኛል። ነገር ግን ዶላሩን አስቀድሞ ቆጥሮ የሚጀምር ቶሎ ይታክታል። የምታውቁትን አንድ ጉዳይ ያዙ፤ ለቅርብ ሰው የሚጠቅም ይሁን። ማስታወቂያውን እንደ ጨው ቁጠሩት፤ ወጡ የራሳችሁ ሥራ ወይም ዕቃ ይሁን። የተከፈለበትን ጽሑፍ «ተከፍሎበታል» ብላችሁ ጻፉ። ያልሞከራችሁትን አትመስክሩ። እኛ ዛሬ ስለ ዘር ስንጠየቅ፣ ገበሬው ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲያጣራ ወይም በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ደውሎ እንዲጠይቅ ከመንገር በቀር በራሳችን ቃል አንመሰክርም። የሱቁንና የጦማሩን ሒሳብ በአንድ ደብተር እንይዛለን፤ ዓመት ሲሞላም ዘካው ከዚያው ይሰላል።

ጥቁር ሰሌዳው አሁንም ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም በየገበያው ቀን ዋጋ ይጻፍበታል። ከታችኛው ጠርዝ ላይ አንደኛችን በትንሹ የጻፋት «ያላየነውን አንጽፍም» የምትል መሥመር አለች፤ ሰሌዳው ሲጠረግ እርሷ አትነካም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቃላችንን እውነት ያድርግልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።