ቅድመ አያቴን ጉግል አያውቃቸውም

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የቅድመ አያቴን ስም ጉግል ላይ ጻፍኩ።

ምን ወጣ? አንድ ኳስ ተጫዋች፣ አንድ ጫማ ነጋዴ፣ ከዚያ ፌስቡክ በፌስቡክ 😀

ፈረንጅ የቤተሰብ ስሙን ይዞ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይቀየራል፤ ፍለጋው በየአባቱ ሀ ተብሎ ይጀመራል።

ፊደሉም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ... በላቲን ሲሆንማ አይነሳ! ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ከትቶ የወረዳውን ወይም የደብሩን ስም መጨመር ትንሽ ይረዳል።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይገኛል፤ ብዙዎቹን ዛሬ ቤታችን ቁጭ ብለን በኢንተርኔት ማየት እንችላለን።

አንዳንዱ ብራና ህዳጉ ላይ ወይም ባዶ ገጹ ላይ መሬት ማን ለማን እንደሸጠ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ፣ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈው ሰፍሮበታል። የተራ ሰው ስም ሳይቀር! ግን የእጅ ጽሑፍ ነውና ስም ጽፎ መፈለግ ብዙም አያዋጣም፤ ገጽ በገጽ ዓይን ማፍጠጥ ነው።

ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አክስት ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ እሳቸውን ቅረጹ፣ ጉግል ይደርሳል። ስትቀርጹም የሴቶቹን ስም ጠይቁ፤ ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ በአባት በኩል ስለሆነ እናቶቹ ይዘለላሉ።

እስቲ፣ የቅድመ አያቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ያገኘ አለ? ምን ብላችሁ ፈልጋችሁ ነው?