ስለ አሮጌው የጊታር አምፕሊፋየርና ስለ ስፒከሩ መስማማት

በውርስ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ በሣጥን ተቈልፎ የሚጠበቅ አይደለም። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ዕድሜ የሚያገኘው በሚገባ ሲሠሩበት ነው፤ ከማይስማማው ስፒከር ጋር ሲያገናኙት ግን ሊበላሽ ይችላል።

ነፍሱን ይማረውና ታላቅ ወንድሜ በወጣትነቱ ጊታር ይመታ ነበር። ለልጁ የተወለትም በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ በፉለርተን ከተማ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የሚባል አምፕሊፋየር ነው። ይህ ፊቱ ጥቁር የሆነው ዐይነት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1963 እስከ 1967 የወጣ ሲሆን፥ ኀይሉ 22 ዋት ያህል፥ ስፒከሩም አንድ ባለ 8 ኦም ነው። (ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ስለ ሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ መቀነሻ መሰካት አይገባም።)

የስፒከሩ ወረቀት በተቀደደ ጊዜ ልጁ «ጋሼ፥ አንድ ባለ 16 ኦም የእንግሊዝ ሣጥን አግኝቻለሁ፤ ከእርሱ ጋር ላገናኘው ይፈቅዱልኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በልጅነቴ የራዲዮ ሥራ ተምሬ ነበርና እንዲህ ብዬ አስረዳሁት።

ቫልቭ በከፍተኛ ቮልት ጥቂት ከረንት ይሰጣል፤ ስፒከር ግን በአነስተኛ ቮልት ብዙ ከረንት ይፈልጋል። በመካከላቸው እንደ አስተርጓሚ የሚቆመው የመውጫው ትራንስፎርመር ነው። የጥምጥሙ ዙር 30 ለ1 ቢሆን፥ ኦሙ የሚባዛው በ30 ሳይሆን በ30 ጊዜ 30፥ ማለት በ900 ነው። እንግዲህ ባለ 8 ኦሙ ስፒከር ለቫልቮቹ 7200 ኦም ሆኖ ይታያቸዋል፤ ባለ 16ቱ 14400፥ ባለ 4ቱ 3600 ይሆናል። ትራንስፎርመሩ የራሱ ኦም የለውም፤ የታሰረበትን አባዝቶ ያሳያል እንጂ።

ኦሙ ዕጥፍ ሲሆን ኀይል ይቀንሳል፥ በጥምጥሙ ላይ የሚነሣው ቮልት ግን ይጨምራል፤ በግማሽ ሲያንስ ደግሞ ቫልቮቹ ከረንት እየበዛባቸው ቶሎ ያረጃሉ። ይህን ያህል መለያየት በፌንደር ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ያልፋል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ባለፈው ሽቦ ላይ ዕድል መሞከርን እኔ አልወድም።

ከሁሉ የከፋው ያለ ስፒከር መምታት ነው። ሸክም ያጣ ትራንስፎርመር ቮልቱ እጅግ ከፍ ብሎ ብልጭታው የሽቦውን መሸፈኛ ሊበሳው ይችላል። ትራንዚስተር የለመደ ወጣት ይህን አይጠረጥርም፤ በዚያ የሚፈራው የሁለቱ ሽቦ መነካካት ነውና። የፌንደር ሠሪዎች አደጋውን ዐስበው፥ በዋናው ቀዳዳ ምንም ሳይሰካ ሲቀር መውጫው እርስ በርሱ እንዲጋጠም አድርገዋል፤ ስለዚህ ስፒከሩን በሁለተኛው ቀዳዳ ብቻ የሰካ ሰው ድምፅ አያገኝም።

ከዚህ በኋላ የእንግሊዙን ሣጥን ጀርባ ከፈትነው። በውስጡ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በተከታታይ ታስረው 16 ሆነዋል፤ ጎን ለጎን ቢታሰሩ 4 ይሆኑ ነበር። ልጁ በሜትር ሲለካቸው እያንዳንዳቸው 6 ገደማ ስላሳዩ ተበላሽተዋል ብሎ ደነገጠ፤ ሜትሩ ግን የሽቦውን መቋቋም ብቻ እንጂ ስፒከሩ በሚሠራበት ጊዜ የሚያሳየውን ኢምፒዳንስ አይለካም። አንደኛው ስፒከር ብቻውን ከ22 ዋት በላይ የሚችል ስለ ሆነ፥ እርሱን ፈትተን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አሰርነው። የወንድሜን ስፒከር ወረቀት የሚለውጥ ሠራተኛ እየፈለግን ነው።