ለመንገድህ፣ ስለ አባትህ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ ድረስ ልሸኝህ አልችልም። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ነው የተሠራው። ስለዚህ ልነግርህ ያሰብኩትን ጻፍኩት። ፊት ለፊት ብናወራ ኖሮ ማልቀሴ አይቀርም፣ ግማሹንም እረሳው ነበር።

በሰኔ የአባትህን ሙት ዓመት ስናስብ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ሲል ሰምተሃል። ልክ ነው። ግን እነሱ የሚያውቁት የደጁን ደግነት ነው። እኔ አርባ አንድ ዓመት አብሬው ስለኖርኩ ጓዳውንም አውቀዋለሁ። አንተ አሁን ሚስትህን ይዘህ ጎጆ ልትወጣ ነውና የሚጠቅምህ የጓዳው ነው። ያጠፋውንም አልደብቅህም።

ምድር ባቡር የገባው በ1965 ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቶርኖ ላይ። ድሬዳዋ እኮ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልሆነለት በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ከተማዋ ተቆረቆረች። አባትህ ይህን ለእንግዳ ሲተርክ ሐዲዱን የዘረጋው ራሱ ነበር የሚመስለው። ወርክሾፕ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ብሎ መቀመጥ የለም፤ ብረት ተቆርጦ፣ ቶርኖ ላይ ታስሮ፣ በካሊፐር እየተለካ እዚያው ይሠራል። ቤትም ሲመጣ ያው ነው። የጎረቤት ላምባ ምድጃ፣ ሰንሰለቱ የወለቀ የልጆች ብስክሌት፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ሁሉም በራችን ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንዳንዴ ምሳውን ቆሞ ነበር የሚበላው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይቀበልም። አንድ ቀን ግን ሦስት እንጀራ በሰፌድ ይዞ መጣ። ከታች ሰፈር እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ምድጃዋን ሲሠራላት የሰጠችው ነው። «ደግሞ ከእሷ ትቀበላለህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ብመልስላትማ ሁለተኛ ሲበላሽባት አታመጣውም» አለኝና እጁን ታጥቦ እንጀራውን ቆረሰ። ይህ እኔ ልብ ውስጥ እስኪገባ ዓመታት ፈጅቷል፤ አንተ ቶሎ ተማረው።

ስለ ብር ልንገርህ። በ1969 የሶማሊያ ጦር መስመሩን ሲቆርጠው አባትህ ገና ጎረምሳ ነበር፤ እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን ይዞ ክፉ ጊዜ አሳልፏል። ያኔ ያሻገራቸው ዱቄት በዱቤ ይሰጣቸው የነበረ አንድ የመጋላ ነጋዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር መጀመሪያ የቤቱን ይሰጠኛል፣ ቀጥሎ የእናቱን ይለያል፣ ከዚያ ጥቂት ብር አጣጥፎ ኒዶ ጣሳ ውስጥ ይከታል። «ይቺ የሰው ናት» ይላል። አንዳንድ ወር አምስት ብር ብቻ ነበረች። የተቸገረ ሲመጣ ከጣሳዋ ያወጣል። ባዶ ከሆነች «በሚቀጥለው ወር ና» ብሎ ይናገራል እንጂ ከአስቤዛው አያነሳም፤ ማፈር የሚባል ነገር አልነበረበትም። አንተ ከእሱ የበለጠ ታገኛለህ። ባንክም አድርገው ቴሌብር፣ ጣሳ ይኑርህ።

የድሬ የምሳ ሰዓት ረጅም ነው፤ ሙቀቱ ያስገድዳል። ጓደኞቹ ለበርጫ ሲሰየሙ እሱ ወደ ልጆቹ ነበር የሚመጣው። በ1991 ታይፎይድ ይዞኝ ሆስፒታል ስተኛ የእህትህን ጸጉር የሚሠራ ጠፋ። ጎረቤት አልለመነም፤ ቁጭ ብሎ ራሱ ጎነጎነላት። ሊጠይቁኝ ሲመጡ አየኋት፤ አንዱ ጉንጉን ወደ ጆሮዋ፣ ሌላው ወደ ግንባሯ ሄዷል፣ ጫፋቸው ደግሞ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስሯል። በሳቅ ብዛት የግሉኮሱ መርፌ ከእጄ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። እሷ ግን ማንንም አላስነካም ብላ ሁለት ሳምንት በዚያው ጸጉር ትምህርት ቤት ተመላለሰች።

አሁን ወዳጠፋው ልምጣ። ጎርፉን ታስታውሳለህ፤ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነው ደቻቱ ወንዝ፣ ደጋው ላይ የዘነበውን ዝናብ ይዞ በሌሊት መጣና ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። በነጋታው አባትህ አንዲት ሴት ከነሦስት ልጆቿ ይዞ ገባ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። «እናንተ መኝታ ቤት ትተኛላችሁ» አላቸው። ለእኔ አልነገረኝም፤ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት።

በዚያን ዕለት ማን እምቢ ይላል? ብጠየቅ እኔም እሺ ነበር መልሴ። ግን አልተጠየቅኩም። አራት ወር አብረውን ኖሩ። አራት ወር ሙሉ ለስምንት ሰው የምጋግረው እኔ፣ ውኃ የምቀዳው እኔ፤ «እግዜር ይስጥልን» የሚባለው እሱ። ቂም ያዝኩ፤ ቂሜም በስኳር ወጣ። ስኳሩን ከጤፍ ጆንያው ኋላ መደበቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ስደብቅ ሴትዮዋ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ሲቀርብ «እኔ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምወደው» እያለች ጠጣች። ልጆቿም እሷን አይተው ስኳር አንፈልግም አሉ። ትንሹ አራት ዓመቱ ነበር።

አባትህ ነገሩ ሲገባው አልተቆጣኝም። ማታ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን በተኛንበት «የሰጠኋቸው ያንቺን ጉልበት ነው፤ መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ሳይገባ ውኃውን የሚቀዳው እሱ ሆነ፤ ወንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ብሎ ሰፈሩ ሲስቅበትም አልተወውም። ዳግመኛ ሳይጠይቀኝ እንግዳ አላስገባም። በርግጥ አጠያየቁም አጠያየቅ ነው፤ ታኅሣሥ 18 ቁልቢ ሊሳለም መጥቶ ማደሪያ ያጣውን መንገደኛ በር ላይ ያቆመውና፣ ሰውየው እየሰማ «ምን ይመስልሻል?» ይለኛል። ምን ልለው ነው!

እንግዲህ ከድሬ አዲስ አበባ የሚወጣ ዘመድ ሁሉ አንተ ቤት ነው የሚያርፈው፤ አይቀርልህም። አፍህን ለእሺታ ከመክፈትህ በፊት ሚስትህን ለብቻዋ ጠይቃት። እሺ ካለችህ ደግሞ ድስቱን አብረሃት እጠብ። እሷ ደክሟት አንተ ብትመሰገን፣ ምስጋናውን ለእሷ መልሰው።

የአባትህን ካሊፐር ሻንጣህ ውስጥ ከበርበሬው ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ አድርጌዋለሁ። ዘይት ካልነካው ይዝጋል።

ያቺ ሴትዮ አሁን ኮልፌ፣ ትልቁ ልጇ ጋ ናት። ስልኳን ከእህትህ ተቀበል። ለአርባው እዚህ ድረስ መጥታ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ስለ ስኳሩ ግን እስከ ዛሬ አንስተን አናውቅም። በመጀመሪያው እሁድ ሚስትህን ይዘህ ሂድና ጠይቃት። አምስት ኪሎ ስኳር ግዛላት። ከእናቴ ነው በላት።

እናትህ